ጎማዎቹን ቀያይረን እንይ

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ ሀዋሳ የቀረበ ንግግር፤ ለመጽሔቱ ሲዘጋጅ በመጠኑ ተስተካክሏል።)



የፕሮግራሙ መሪ “ስለ ምንድን ነው የምትናገረው?” ብሎ ሲጠይቀኝ “ስለ ጎማ” አልኩት። “ስለ ባጃጅ ጎማ?” አለኝ። ሀዋሳ ላይ ጎማ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው እሱ ስለሆነ አልፈረድኩበትም። “አይ፣ ከዚያም ያንሳል” ብዬ ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት። እነሆ፣ ለእናንተም ይዣቸው መጥቻለሁ። ሁለት ናቸው። ቢጫ የፕላስቲክ ቸርኬ፣ ከላዩ ጥቁር ጎማ። ዲያሜትራቸው 65 ሚሊሜትር ነው ተብለው የሚሸጡ ናቸው። ተማሪዎች ለፕሮጀክት በሚሠሯቸው ትንንሽ ባለ ሞተር መኪኖች ላይ የሚገጠሙት ዓይነት። የምህንድስና ሰዎች ፈገግ ስትሉ አየሁ፤ ታውቋቸዋላችሁ።

ከኋላ ለተቀመጣችሁ ላይታዩ ይችላሉ። ከፊት ላላችሁት ደግሞ እኩል ይመስላሉ። እኔም አንድ ጊዜ እኩል ናቸው ብዬ ነበር፤ ያውም በመሣሪያ ለክቼ፣ በቀይ እስክሪብቶ ፈርሜ። ተሳስቼ ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ ያንን ስህተት ነው። የመገናኛ በዓል ላይ ሰው የሠራውን ጥሩ ነገር ነው የሚያወራው፤ ግን መምህራኖቻችን ፊት ቆሜ ይህን ካልተናገርኩ ሌላ የምናገርበት ቦታ አይኖረኝም።

ከዚህ ግቢ ተመርቄ ከወጣሁ በኋላ በአንድ ኮሌጅ ወርክሾፕ ውስጥ አስተምር ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የኮሌጁ አይደለም። የሴሚስተሩ የመጨረሻ ሥራ ቀላል ነበር። ተማሪዎች በቡድን ሆነው አንዲት ትንሽ መኪና ይሠራሉ፤ መኪናዋ ማንም ሳይነካት ወለሉ ላይ 5 ሜትር ቀጥ ብላ ሄዳ ትቆማለች። በቃ፣ ይኼው ነው። ሁለት ሞተር፣ ሁለት ጎማ፣ ከኋላ እንደልቧ የምትሽከረከር አንዲት ኳስ። በየጎማው ዘንግ ላይ ዙሪያውን የተበሳ ቀጭን ክብ ሳህን አለ። ፕሮግራሙ ቀዳዳዎቹን እየቆጠረ ሁለቱ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ ያደርጋል። ከመስመሩ ከ10 ሳንቲሜትር በላይ የወጣች መኪና ነጥብ ይቀነስባታል።

የአንዱ ቡድን መኪና በሞከሩ ቁጥር ወደ ቀኝ ትሄድባቸዋለች። 5 ሜትር ላይ ስትደርስ 30 ሳንቲሜትር ያህል ከመስመሩ ወጥታ ትቆማለች። ሁልጊዜ ወደ ቀኝ፣ ሁልጊዜ ያንኑ ያህል። እዚህ ጋ ልቆም ይገባኝ ነበር። አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ብትወጣ ሌላ ነገር ነው፤ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ መጠን የሚመጣ ስህተት ግን ምክንያቱ አንድ ቦታ ተቀምጦ “ፈልጉኝ” የሚል ስህተት ነው። ይህን እኮ እኔው ራሴ ክፍል ውስጥ አስተምራለሁ!

ከቡድኑ አንዱ ልጅ “መምህር፣ ፕሮግራሙ ልክ ነው፤ ቆጠራው እኩል ነው። ጎማዎቹ እኩል አይመስሉኝም” አለኝ። ዲጂታል ካሊፐር አወጣሁ። የግራውን ለካሁ፤ 64.98። የቀኙን ለካሁ፤ 64.99። ቁጥሩን ለልጁ አሳየሁት። “ይኸው፣ የሚሊሜትርን መቶኛ ነው የሚናገረው። ምን ትፈልጋለህ?” ልጁ ዝም አላለም። “እሺ መምህር፣ ጎማዎቹን ቀያይረን እንይ። የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ። ከጎማው ከሆነ አሁን ወደ ግራ ትሄዳለች” አለኝ።

ይህን ለማድረግ ሁለት ደቂቃ ይበቃ ነበር። መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ስሌት አያስፈልገውም። እኔ ግን ሰዓቴን አይቼ “ጊዜ የለንም፤ ከእናንተ በኋላ የሚጠብቁ አሉ” አልኩት። ወረቀቱ ላይ “የፕሮግራም ስህተት” ብዬ ጻፍኩና ነጥቡን ቀነስኩ። በኋላ እንደሰማሁት ያ ልጅ ሊገባበት ከተወዳደረው የተግባር ልምምድ ቦታ ለጥቂት ነጥብ ቀረ። እኔ ያኔ አላወቅሁም። ጎማዎቹ “ግ” እና “ቀ” የሚል ፕላስተር እንደተለጠፈባቸው መሳቢያዬ ውስጥ ቀሩ።

ጥቂት ዓመታት አለፉ። አንድ ጊዜ ለቤተሰብ ጥየቃ ሀዋሳ መጥቼ ወደ መናኸሪያ በባጃጅ ስሄድ ሾፌሩ “ጋሼ፣ አንድ አፍታ” ብሎ ጎሚስታ ቤት ቆመ። ከኋላ ጎማዎቹ አንዱ አልቆ ነበርና እሱን ብቻ በአዲስ መቀየር ይፈልጋል። ጎሚስታው “ሁለቱንም ቀይር” ይለዋል፤ ሾፌሩ “ገንዘብህን ፈልገህ ነው” ይለዋል። እኔ ልወርድ ስል ጎሚስታው “ጋሼ፣ እርስዎ አይውረዱ፤ ክብደቱ ያስፈልገኛል” አለ። ጠመኔ አወጣ። ጎማው መሬት በነካበት ቦታ ጎማውንም አስፋልቱንም አንድ ላይ አሰመረ። ባጃጇን ቀስ አድርጎ ገፋት፤ በጎማው ላይ ያለው ጠመኔ አንድ ዙር ዞሮ ተመልሶ መሬት ሲነካ እዚያም አሰመረ። በሲባጎ ለካው። ከዚያ የሌላኛውን ጎማ እንዲሁ። ሲባጎው ሁለት ጣት ያህል ተበላለጠ። “አየህ? አንድ ዙር በዞርክ ቁጥር ሁለት ጣት። ቀጥ ባለ መንገድ እንኳ ዲፈረንሻሉ ሥራ አይፈታም ማለት ነው” አለው።

“ጎማውን ፈተህ ለምን አትለካውም?” ብዬ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ አየኝና “ተንጠልጥሎ የተለካ ጎማ መንገድ ላይ ያለውን አይነግረኝም” አለ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ባጃጇ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ላብ አጠመቀኝ። የሀዋሳ ሙቀት አልነበረም። መሳቢያዬ ትዝ ብሎኝ ነው።

ወደ ሥራዬ ስመለስ ጎማዎቹን አወጣሁ። አንድ መኪና ተዋስኩና ገጠምኳቸው። ረጅም ወረቀት ወለል ላይ ዘርግቼ እንደ ጎሚስታው አደረግሁ፤ ልዩነቱ እኔ አንድ ዙር ሳይሆን 10 ዙር መለካቴ ብቻ ነው። የግራው ጎማ በ10 ዙር 2,048 ሚሊሜትር ሄደ። የቀኙ 2,042። ለ10 ጊዜ ፓይ፣ ማለትም ለ31.416 ስናካፍለው የግራው 65.19፣ የቀኙ 65.00 ሚሊሜትር ነው። ልዩነታቸው 0.2 ሚሊሜትር ያህል። ከዚያ ጎማዎቹን ቀያየርኳቸው። መኪናዋ ወደ ግራ ሄደች። ያንኑ ያህል።

“0.2 ሚሊሜትር እንዴት 30 ሳንቲሜትር ያስወጣል?” የምትሉ ትኖራላችሁ። ስሌቱ ይኸውላችሁ። 5 ሜትር ለመሄድ እንዲህ ያለው ጎማ 24 ተኩል ዙር ያህል ይዞራል። ትልቁ ጎማ በየዙሩ በ0.6 ሚሊሜትር ይቀድማል፤ በጠቅላላው 15 ሚሊሜትር። ሁለቱ ጎማዎች የሚራራቁት 13 ሳንቲሜትር ስለሆነ ያ 15 ሚሊሜትር የመኪናዋን አፍንጫ 7 ዲግሪ ያህል ያዞረዋል። የምትዞረው ደግሞ መጨረሻ ላይ ብቻ አይደለም፤ ከመጀመሪያው አንሥቶ ቀስ በቀስ ነው። መንገዱን ስትደምሩት 30 ሳንቲሜትር ይወጣል። ልጁ የነገረኝ ሁሉ፣ ፕሮግራሙም ቆጠራውም፣ ልክ ነበር።

ታዲያ የሚሊሜትርን መቶኛ የሚናገረው ካሊፐር ለምን ዋሸ? እውነቱን ለመናገር አልዋሸም። እኔ ያልጠየቅሁትን ጥያቄ ነበር የመለሰልኝ። እዚህ ላይ ትንሽ ልዘርዝር፤ ወርክሾፕ ያላችሁ መምህራን ትታገሡኛላችሁ።

አንደኛ፣ ጎማ ብረት አይደለም። ብረትን በካሊፐር ስትይዙት ይገፋችኋል፤ ጎማ ግን እሺ ይላል። የካሊፐሩ መንጋጋ ጠባብ ነው፤ የኔ አውራ ጣት ደግሞ ከአንድ ኪሎ በላይ ክብደት ያህል ሳይጫን አልቀረም። የዚያች መኪና ክብደት በአንድ ጎማ ላይ 200 ግራም ቢሆን ነው። ስለዚህ እኔ የለካሁት ጎማውን ሳይሆን ጎማውን ጨፍልቄ የቀረውን ነው። የግራው ጎማ ከሌላ እሽግ የመጣ ኖሮ ከቀኙ ይለሰልሳል። በመጠን ይበልጣል፣ ግን ይበልጥ ይጨፈለቃል። ሁለቱም “65” ላይ ተገናኙልኝ።

ሁለተኛ፣ መስኮቱ ላይ የሚታየው አሃዝ ብዛትና የመሣሪያው ትክክለኛነት አንድ አይደሉም። ዲጂታል ካሊፐር በ0.01 ሚሊሜትር ያሳያል፤ ደኅና የሚባለው እንኳ እስከ 0.02 ወይም 0.03 ድረስ ሊሳሳት ይችላል፤ ያውም አዲስ ሆኖ፣ በሠለጠነ እጅ፣ በጠንካራ ብረት ላይ። ምክንያቱን ጀርመናዊው ኤርንስት አቤ እ.ኤ.አ. በ1890 አስረድቶታል፤ የሚለካው ዕቃና የመሣሪያው ስኬል በአንድ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። ካሊፐር ላይ ስኬሉ ወደ ጎን ነው። ስለዚህ መንጋጋው ትንሽ ካዘመመ ንባቡ ይሳሳታል። ማይክሮሜትር ላይ ግን ሁለቱም በአንድ መስመር ናቸው።

ሦስተኛ፣ የወርክሾፕ ካሊፐር የሁሉም ነው፤ የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ የማንም አይደለም። ይወድቃል፣ ጫፉ ያልቃል፣ አንዳንዱ ተማሪ መስመር ይጭርበታል። መንጋጋውን ግጠሙና ወደ መስኮት ወይም ወደ አምፖል አንሥታችሁ እዩት። ብርሃን ካሳለፈ አልቋል። ይህም ቢሆን ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አራተኛው ዋናው ነው። “ዲያሜትር” ስንል የትኛውን? ተንጠልጥሎ ያለውን ነው ወይስ ክብደት ተሸክሞ የሚሽከረከረውን? መኪናዋ የምታውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው። የጎሚስታው ጥበብ ይህ ነበር፤ መሣሪያውን ሳይሆን ጥያቄውን ነው በትክክል የመረጠው።

የስልቱን ትክክለኛነት ደግሞ እዩልኝ። 10 ዙር ስትለኩ በማስመሪያው ንባብ ላይ 1 ሚሊሜትር ብትሳሳቱ በዲያሜትሩ ላይ የሚደርሰው ስህተት 0.03 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ወረቀት፣ እርሳስና ማስመሪያ በለስላሳ ጎማ ላይ ከዲጂታል ካሊፐር ጋር ይወዳደራሉ ማለት ነው! የወንዶ ገነት ልጆች አሁን ትስቁብኛላችሁ፤ እናንተ የዛፍ ግንድ ዲያሜትር ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ የምትለኩበት ሜትር አስቀድሞ ለፓይ ተካፍሎ የተመራ ነው። ዙሪያውን ትጠመጥሙታላችሁ፣ ዲያሜትሩን ታነቡታላችሁ። በካሊፐር ስትለኩ ደግሞ ግንድ ድፍን ክብ እንዳልሆነ ስለምታውቁ ከሁለት አቅጣጫ ለክታችሁ አማካዩን ትወስዳላችሁ። እኛ መካኒኮቹ ግን ጎማውን አንዴ ለክተን ፈረምን። አንድ ግቢ ተምረን እንዲህ ሳንጠያየቅ መቅረታችን ያስቆጫል።

ከዚያ በኋላ ትንሽ ጎማ እንዴት እንደሚለካ ማጥናት ጀመርኩ። በጣም የተጠነቀቁትን ሰዎች ያገኘሁት የት መሰላችሁ? መጫወቻ መኪና የሚያወዳድሩ ዘንድ! በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1957 ስካሌክስትሪክ በሚል ስም ለገበያ ቀርቦ ዝነኛ የሆነ ጨዋታ አለ። ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች በመንገዱ ላይ በተሰነጠቀ ቦይ እየተመሩ ይሽቀዳደማሉ፤ ስሎት ካር ይባላሉ። ከእውነተኛው መኪና 32 ጊዜ ወይም 24 ጊዜ ያንሳሉ። ትልልቅ ሰዎች ናቸው የሚወዳደሩት፤ ለጎማ ያላቸው ጥንቃቄ ደግሞ ለሰዓት ሠሪ የሚገባ ነው።

ምክንያት አላቸው። የኋላ ጎማው 20 ሚሊሜትር ቢሆንና በመሞረድ ወደ 19.5 ቢወርድ፣ መኪናዋ በአንድ ዙር የምትሄደው በ2.5 በመቶ ይቀንሳል፤ ጥርሱን እንደመቀየር ነው። ከመሬት ያላት ከፍታም ይቀንሳል። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ድፍን ዘንግ ላይ ስለሆኑ ዲፈረንሻል የላቸውም፤ አንዱ ከሌላው ከበለጠ አንደኛው ሁልጊዜ እየተጎተተ ይሄዳል። ስለዚህ ጎማውን ከቸርኬው ጋር ያጣብቁና እያሽከረከሩ በብርጭቆ ወረቀት ይሞርዱታል። ከዚያ ይለኩታል። የሚለኩት ግን ወዲያው አይደለም፤ የተሞረደ ጎማ ይሞቃል፣ የሞቀ ጎማ ያብጣል፤ እስኪበርድ ይጠብቃሉ። የሚለኩትም አንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ የውስጥ ጠርዙንና የውጭ ጠርዙን ለየብቻ ይለካሉ፤ ጎማው እንደ እንቅብ አንድ ወገኑ ሰፍቶ ሌላው እንዳይጠብ።

የሚጠቀሙባቸውን መሣሪያዎች አንድ በአንድ ልንገራችሁ፤ ሁሉም ወርክሾፖቻችን ውስጥ ሊኖሩ ወይም ልንሠራቸው የምንችል ናቸው።

ማይክሮሜትር አለ። እጀታው አንድ ዙር ሲዞር ግማሽ ሚሊሜትር ይሄዳል፤ ዙሩ በ50 ስለተከፈለ አንዷ ጭረት 0.01 ሚሊሜትር ናት። ጫፉ ላይ ያለችው “ክር ክር” የምትል መያዣ የምትጫነው ኃይል በየጊዜው አንድ ዓይነት እንዲሆን ታደርጋለች፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ኒውተን። ለጎማ ይህም ይበዛል። ስለዚህ መያዣ ፊቱ እንደ ሰፊ ሳንቲም የሆነውን ዓይነት መምረጥ፣ ወይም በጎማውና በማይክሮሜትሩ መሃል ስስ ጠፍጣፋ ብረት አስገብቶ ውፍረቱን መቀነስ ይሻላል። ብረቱን ብርሃን እስኪጠፋ ብቻ ማስጠጋት፣ አለመጫን።

ዳያል ኢንዲኬተር አለ። ጎማውን በራሱ ዘንግ ላይ አድርጋችሁ በቀስታ ስታዞሩት መርፌው ወዲህ ወዲያ ካለ ጎማው ክብ አይደለም ወይም ዘንጉ መሃሉን ስቷል። አማካይ ዲያሜትሩ ልክ ሆኖ የሚዘል ጎማ አለ፤ ካሊፐር ያንን አያይም።

“ይገባል፣ አይገባም” የሚባለው መለኪያ አለ። በጠፍጣፋ ብረት ላይ ሁለት ክፍተት ይቆረጣል፤ አንዱ ከሚፈለገው ልክ ጥቂት ይሰፋል፣ አንዱ ጥቂት ይጠብባል። ጎማው በሰፊው ሳይነካ ካለፈ፣ በጠባቡ ካላለፈ ተቀባይነት አለው። ቁጥር የለውም፤ ክርክርም የለውም። ከዚህ የሚሻለውን ደግሞ ራሳችን መሥራት እንችላለን። ሁለት ቀጥ ያሉ ብረቶችን ጠረጴዛ ላይ አጋድሙ፤ በ100 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ ክፍተታቸው በ1 ሚሊሜትር ብቻ እንዲጠብብ አድርጋችሁ እሰሩ። ጎማውን በጎኑ አጋድማችሁ በመሃላቸው በቀስታ አንሸራቱት። ሁለቱንም ብረት የነካበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ። በዲያሜትር የ0.1 ሚሊሜትር ልዩነት በምልክቱ ላይ 10 ሚሊሜትር ሆኖ ይታያል። ሕፃን ልጅ ያነበዋል።

ሳይነኩ መለካትም ይቻላል። ጎማውን ዲያሜትሩ በማይክሮሜትር ከተለካ ሳንቲም አጠገብ በስካነር ላይ አስቀምጡና ምስሉን አነጻጽሩ። ስካነር አይጫንም።

እነዚህ ሁሉ ግን አንድ ጌታ አላቸው። ማይክሮሜትሩ ልክ መሆኑን ማን ይመሰክራል? ለዚህ ጌጅ ብሎክ አለ። ስዊድናዊው ካርል ኤድቫርድ ዮሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1896 በጠመንጃ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ያፈለቀው ሐሳብ ነው፤ ርዝመታቸው በከፍተኛ ጥንቃቄ የታወቀ ትንንሽ የብረት ጡቦች፤ እየተደራረቡ የሚፈለገውን ልክ ይሰጣሉ። ርዝመታቸው የሚታመነው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ዓለም በዚህ ተስማምቷል። ሀዋሳ ከሰዓት በኋላ 20 ዲግሪ ላይ እንደማትቆም እናውቃለን፤ ስለዚህ ጡቡም፣ መሣሪያውም፣ የሚለካውም አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ይደሩ፤ በእጅ አይታሹ። ጡቦቹን ራሳቸውን ደግሞ የሚፈትሽ አካል አለ፤ አገራችን በ2003 ዓ.ም. ያቋቋመችው የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት አዲስ አበባ ነው። ከጎሚስታው ሲባጎ እስከዚያ ድረስ አንድ ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ከታች ያለው ሁሉ ግምት ይሆናል።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ።

ስልኩን አፈላልጌ አገኘሁት። እንዴት እንደምጀምር ሦስት ቀን አሰብኩ። በመጨረሻ “መምህርህ ነኝ፤ ያኔ ጎማዎቹ እኩል አልነበሩም፤ ልክ ነበርክ” አልኩት። መጀመሪያ አላስታወሰኝም መሰለኝ፤ ከዚያ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ውጤቱን ማስተካከል የሚቻልበት ጊዜ እንዳለፈ ነገርኩት፤ ይቅርታ ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም ብሎ “መምህር፣ እኔም ጥፋት አለብኝ። ተናገርኩ እንጂ አልለካሁም። ወረቀት ላይ አንከባልዬ ቁጥሩን ይዤ ብመጣ ኖሮ እርስዎም ይሰሙኝ ነበር” አለኝ።

ደግ ልጅ ነው። ግን በዚህ አልስማማም፤ ይህንኑም ለእሱ ነግሬዋለሁ። ካሊፐሩ በእኔ እጅ ነበር። ሰዓቱም በእኔ እጅ ነበር። ቀዩ እስክሪብቶም በእኔ እጅ ነበር። እሱ የነበረው ሐሳብ ብቻ ነው፤ “ቀያይረን እንይ” የሚል። ሥልጣኑ በአንድ ወገን ሲሆን የማጣራቱ ግዴታም በዚያው ወገን ነው።

በአማርኛችን “ልክ” የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። የጫማ ልክ፣ የልብስ ልክ እንላለን፤ “ልክ ነህ” ስንልም እውነት አለህ ማለታችን ነው። አናጺዎቻችን ዐሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ ይላሉ። እኔ አንድ ጊዜ ለክቼ የልጅ ውጤት ቆረጥኩ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልጠይቅና ልጨርስ።

የመጀመሪያው ለመምህራኖቻችን ነው። በተግባር ፈተና ላይ ተማሪ “መሣሪያው ነው” ወይም “ዕቃው ነው” ብሎ ሲከራከር፣ ነጥቡ ከመጻፉ በፊት መሣሪያውን ለእሱ ስጡት። በፊታችሁ ራሱ ይለካ፤ የሚቀያየር ነገር ካለ ይቀያይር። ከተሳሳተ ራሱ ያየዋል፤ ክፍል ውስጥ ከምታስተምሩት በላይ ይማራል። ካልተሳሳተ ደግሞ እናንተ ከእኔ ዕዳ ትድናላችሁ። ሰልፉ ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ሁለት ደቂቃ ነው።

ሁለተኛው ለእኛ ለምሩቃን ነው። ማኅበራት ሲሰባሰቡ ሕንፃና ሐውልት ያስባሉ። እኔ የምለው በእጅ የሚያዝ አንዲት ሣጥን ነው፤ አንድ ስብስብ ጌጅ ብሎክ፣ ሰፊ ፊት ያለው አንድ ማይክሮሜትር፣ አንድ ዳያል ኢንዲኬተር ከነመቆሚያው። ተማሪ በየቀኑ የሚለካበት አይሁን፤ የሚለካባቸውን የሚፈትሽ ይሁን። ቁልፉን የሚይዝ ሰው ይኑረው፤ አጠገቡ ደብተር ይኑር። የትኛው ካሊፐር መቼ ተፈተሸ፣ ስንት ተሳሳተ የሚል። በፋብሪካ የምትሠሩ ደግሞ መሣሪያዎቻችሁን ለፍተሻ ስትልኩ “የድሮ ትምህርት ቤቴን ሣጥን ልጨምር?” ብላችሁ አለቆቻችሁን ብትጠይቁ፣ በዓመት አንዴ ብቻ፣ ሰንሰለቱ አይበጠስም።

እነዚህ ሁለት ጎማዎች ከንግግሬ በኋላ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። “ግ” እና “ቀ” የሚለው ፕላስተር አሁንም አለባቸው። ካሊፐር አለ፤ ረጅም ወረቀት፣ እርሳስና ማስመሪያም አለ። መጀመሪያ በካሊፐር ጠበቅ አድርጋችሁ ለኳቸው፤ ከዚያ ላላ አድርጋችሁ። ከዚያ 10 ዙር አንከባልሏቸው። እኔ ስለተናገርኩ አትመኑኝ፤ ያ ልጅ የለመነኝን እናንተ አድርጉት።